በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርት መሠረት ወሊድን ለማራራቅ ለሚሹ ባለትዳሮች

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በሐምሌ 1968 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ሁማኔ ቪቴ» በተሰኘው መልእክት፣ ሩካቤ ሥጋ ባልና ሚስትን የሚያዋሕድና ለአዲስ ሕይወት ክፍት የሆነ ተግባር መሆኑን፣ እነዚህንም ሁለት ትርጉሞች ሰው በገዛ ፈቃዱ ሊነጣጥላቸው እንደማይገባ አስተምረዋል። እንክብሉ፣ መርፌው፣ በክንድ የሚቀበረው፣ ሉፑና ኮንዶሙ ለወሊድ መከላከያነት የማይፈቀዱት ስለዚህ ነው። ሆኖም ትምህርቱ የቻሉትን ያህል ውለዱ ማለት አይደለም፤ ያው መልእክት በቂ ምክንያት ያላቸው ባለትዳሮች እርግዝና በማይፈጠርባቸው ቀናት ብቻ እየተገናኙ ወሊድን እንዲያራርቁ ይፈቅዳል። እንግዲህ ቀን መከታተል ከመጀመራችሁ በፊት የእናትን ጤናና የቤታችሁን አቅም እያነሣችሁ ምክንያታችሁን በጸሎት መርምሩ።

ከተፈጥሮአዊ ዘዴዎች መካከል ሐኪሙ ጆን ቢሊንግስ በአውስትራሊያ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያጠኑት፣ ከማህፀን በር የሚወጣውን ፈሳሽ በማስተዋል ላይ የተመሠረተው ይገኛል። ሚስት ቀኑን ሙሉ የተሰማትን፣ ድርቀትም ይሁን እርጥበት፣ ማታ በደብተር ታስመዘግባለች። ፈሳሹ እየሳሳ እንደ እንቁላል ነጭ የሚሳብና የሚያንሸራትት ሲሆን እንቁላሏ የምትለቀቅበት ጊዜ ቀርቧል፤ የማንሸራተቱ ስሜት የመጨረሻ ቀን «ጫፍ» ይባላል፣ የሚታወቀውም በማግስቱ ስሜቱ ሲለወጥ ነው።

በወር አበባ ቀናት ምልክቱ ስለሚሸፈን ታቀቡ። ከዚያ በኋላ ባሉት ደረቅ ቀናት ማታ ማታ፣ ያውም አንድ ቀን እየዘለላችሁ፣ መገናኘት ትችላላችሁ፤ የወንድ ዘር በማግስቱ የሚተወው እርጥበት ምልክቱን ያደናግራልና። ድርቀቱ ከተለወጠበት ጊዜ አንሥቶ ጫፉ አልፎ ሦስት ሙሉ ቀናት እስኪቈጠሩ ታቀቡ፤ ከ4ኛው ቀን እስከሚቀጥለው የወር አበባ ነፃ ናችሁ። የወንድ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቈይ ሲችል፣ እንቁላሏ ግን ከአንድ ቀን አታልፍም።

የቀን መቁጠሪያን ብቻ ማመን አይገባም፣ ዑደት ከወር ወር ይለዋወጣልና። ለሚያጠቡ እናቶችና እርግዝና ለሕይወታቸው ለሚያሰጋቸው ሴቶች ሐኪምና የሠለጠነ አስተማሪ የግድ ያስፈልጋሉ፤ ለእውነተኛ ሕመም የታዘዘ መድኃኒትም፣ መውለድን ለጊዜው ቢገታ እንኳ፣ ለዚያ ዓላማ እስካልተወሰደ ድረስ አልተከለከለም።

መታቀቡ ለሁለታችሁም ከባድ የሚሆንባቸው ሳምንታት ይመጣሉ፤ ሸክሙ በሚስት ላይ ብቻ ሲወድቅ ደግሞ ትዳሩን እስከማሻከር ይደርሳል። ስለዚህ ደብተሩን ባል ይያዝ፤ በየምሽቱ ጠይቆ፣ አዳምጦ፣ በእጁ ይጻፍ።