የኅትመት ስሕተት ያለበትን ፔኒ ከጥቅልና ከከረጢት ውስጥ ለይቶ የማውጣት ዘዴ

የአሜሪካ የ1 ሳንቲም ገንዘብ፣ ሁሉም ሰው ፔኒ የሚለው፣ ከ1909 ጀምሮ የአብርሃም ሊንከንን መልክ ይዞ ሲታተም ከቆየ በኋላ፣ አንዱን ለማተም የሚወጣው ወጪ ወደ 4 ሳንቲም ተጠግቶ ስለነበር፣ ለዝውውር የሚውለው ኅትመት በኖቬምበር 12 ቀን 2025 በፊላደልፊያ ተቋርጧል። ሕጋዊ ገንዘብነቱ ግን እንዳለ ነው፤ በባንክ፣ በሱቅ መሳቢያና በየቤቱ ጠርሙስ ውስጥ የተከማቸው ፔኒም ስፍር ቁጥር የለውም። ከዚህ ክምችት ውስጥ ማተሚያ ቤቱ ሲሳሳት ያመለጡት ጥቂቶቹ ከአሥር ዶላር እስከ አሥር ሺዎች ዶላርና ከዚያም በላይ ያወጣሉ። በዋሽንግተንና በአካባቢው በነዳጅ ማደያ ወይም በሱቅ ካሸር ሆኖ ለሚሠራ አንባቢ ደግሞ ፔኒ ዘወትር በእጁ የሚያልፍ ነገር ነው። ሆኖም በአጫጭር ቪዲዮዎች «ይህ ፔኒ ካለህ ሚሊየነር ነህ» እየተባለ የሚለፈፈው በአብዛኛው ከንቱ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። አንድ ሳጥን ሙሉ ፈትሾ ምንም አለማግኘት የተለመደ ነው፤ ስለዚህ የዚህ ሥራ ዋና ብልሃት የማይረባውን ቶሎና ሳይሳሳቱ መጣል መቻል ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ ሳንቲሙ ላይ እንደተጻፉት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የስሕተቱ ምንጭ

ፔኒ የሚታተመው ያልተቀረጸ ክብ ብረት፣ ምስሉ ተገልብጦ በተቀረጸባቸው ሁለት ማኅተሞች መካከል ገብቶ በከፍተኛ ኃይል ሲመታ ነው። ስለዚህ ስሕተቱ ከማኅተሙ ከራሱ፣ ከክቡ ብረት ወይም ከምቱ ሊመጣ ይችላል። ይህ ክፍፍል ፍለጋውን ይወስነዋል። የማኅተም ስሕተት ያለበት ሳንቲም መጠኑ ከጤነኛው ፔኒ ስለማይለይ፣ የባንክና የገንዘብ አጓጓዥ ድርጅቶች መቁጠሪያ ማሽን ሳያውቀው ያሳልፈዋል። ከመሃል ወጥቶ የተመታ ወይም ጎኑ የጎደለ ሳንቲም ግን በማሽኑ በኩል በቀላሉ ስለማያልፍ ብዙውን ጊዜ ተለይቶ ይወጣል። በማሽን በተጠቀለለ ጥቅል ውስጥ በዋናነት የማኅተም ስሕተት የሚፈለገው፣ በእጅ በተጠቀለለው ውስጥ ግን የቅርጽ ብልሽትም የሚጠበቀው ለዚህ ነው።

ፔኒውን ማግኘት

አንድ ጥቅል 50 ፔኒ ይይዛል። የባንክ ሳጥን 50 ጥቅል፣ ማለትም 2,500 ፔኒ ሲሆን ዋጋው 25 ዶላር፣ ክብደቱም ከ6 ኪሎ ግራም በላይ ነው፤ ከረጢት ደግሞ በተለምዶ የ50 ዶላር፣ ማለትም 5,000 ፔኒ ይሆናል። ሳጥን የሚገኘው ሒሳብ ባለዎት የባንክ ቅርንጫፍ ገንዘብ ከፋዩን በመጠየቅ ወይም ቀድሞ በማዘዝ ነው። ኅትመቱ ከቆመ ወዲህ ቅርንጫፎች ሳጥን ለማስመጣት ሊቸገሩ ስለሚችሉ፣ ደንበኞች በወረቀት ጠቅልለው ያስገቡት ጥቅል ካለ ብሎ መጠየቅ ይበልጥ ያዋጣል። እንዲህ ያለው ጥቅል ብዙ ጊዜ ለዓመታት ሳይነካ ከኖረ የቤት ማጠራቀሚያ ስለሚመጣ አሮጌ ፔኒ ይበዛበታል።

በኢንተርኔት «ያልተፈተሸ የአሮጌ ፔኒ ከረጢት» ተብሎ፣ ወይም ጫፉ ላይ ብርቅ ሳንቲም እንዲታይ ተደርጎ ከተጻፈበት ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚሸጠውን ጥቅል አለመግዛት ይሻላል። ሻጩ ሳይፈትሽ አይሸጥም፤ ጫፉ ላይ የሚታየውም ሳንቲም ብዙውን ጊዜ ማጥመጃ ነው። ባንክ ግን ፔኒውን የሚሰጠው በላዩ በተጻፈው ዋጋ ስለሆነ፣ ምንም ባይገኝበት እንኳ ገንዘቡ ተመልሶ ይገባል፤ የሚባክነው ጊዜ ብቻ ነው።

ዕቃና አቀማመጥ

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር፣ እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን፣ ትንሽ ማግኔት፣ አንገቱ የሚታጠፍ መብራትና ጠረጴዛው ላይ የሚነጠፍ ለስላሳ ጨርቅ። ከዚህ ይበልጥ የሚያጎላ መሣሪያ ለጀማሪ ጥቅሙ ያንሳል፤ ጭረቱ ሁሉ ስሕተት እየመሰለ ያሳስተዋል። መብራቱ ከጎን ዝቅ ብሎ እንዲያበራ ይደረግና ሳንቲሙ በጠርዙ ተይዞ በዝግታ ይሽከረከራል፤ ከላይ በቀጥታ የሚወርድ ብርሃን የፊደሎቹን ከፍታና ዝቅታ ይደመስሳል።

የመጀመሪያው ዙር፦ በጀርባና በዓመት መለየት

2,500 ፔኒ እያንዳንዱን ለ1 ደቂቃ በመነጽር ማየት ከ41 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር መነጽሩ አይነሣም። ሳንቲሞቹ በጨርቁ ላይ ይዘረገፉና በጀርባቸው ይለያሉ። ከ1909 እስከ 1958 የታተሙት ሁለት የስንዴ ዛላዎች፣ ከ1959 እስከ 2008 የታተሙት የሊንከን መታሰቢያ ሕንፃ፣ ከ2010 ወዲህ ያሉት ጋሻ አለባቸው፤ በ2009 ብቻ የሊንከንን ሕይወት የሚያሳዩ አራት የተለያዩ ጀርባዎች ታትመዋል። ባለ ስንዴዎቹ ሁሉ ለብቻ ይቀመጣሉ፤ ስሕተት ባይኖርባቸውም ሰብሳቢዎች ከ1 ሳንቲም በላይ ይከፍሉባቸዋል፤ በ1914 በዴንቨርና በ1931 በሳን ፍራንሲስኮ የታተሙት ደግሞ በብርቅነታቸው ብቻ የሚፈለጉ ናቸው።

ቀጥሎ ዓመቱና ከሥሩ ያለው ፊደል ይታያል። ፊደሉ የታተመበትን ከተማ ይናገራል፤ «ዲ» ዴንቨርን፣ «ኤስ» ሳን ፍራንሲስኮን ያመለክታል፤ ፊላደልፊያ ከ2017 በቀር በፔኒ ላይ ምልክት አላደረገም። ከሚቀጥሉት ሁለት ክፍሎች ዝርዝር ውስጥ ያልገባ ዓመት፣ በዓይን የሚታይ የቅርጽ ብልሽት ከሌለው፣ ወደ ተመላሽ ዕቃው ይጣላል። በዚህ ዙር አብዛኛው ፔኒ ይሰናበታል።

ሁለተኛው ዙር፦ መነጽር የሚገባቸው ዓመታት

በጣም የሚፈለገው ስሕተት ሰብሳቢዎች ደብልድ ዳይ የሚሉት፣ ጽሑፉ ወይም ምስሉ ድርብ ሆኖ የተቀረጸበት ነው። ማኅተሙ ራሱ የሚሠራው ከእናት ቅርጽ ጋር ተጨፍልቆ ነው፤ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ይህ ከአንድ ጊዜ በላይ ይደረግ ስለነበር፣ በሁለተኛው ጊዜ ማኅተሙ ጥቂት ዞር ካለ ሁለተኛው ቅርጽ ከመጀመሪያው አጠገብ ይቀመጣል፤ በዚያ ማኅተም የተመታው ሳንቲም ሁሉም ድርብ ይሆናል። ኋላ ማኅተሞቹ በአንድ ጊዜ ጭፍለቃ መሠራት ስለጀመሩ፣ ትልልቆቹ ድርብ ቅርጾች በአብዛኛው ከዚያ በፊት ያሉ ናቸው፤ በኋለኞቹ የሚገኘው ትንንሽና ወደ መሃል የተጠጋ ነው፤ ለምሳሌ በአንዳንድ የ2009 ፔኒዎች ላይ የሊንከን እጅ ትርፍ ጣት ያለው ይመስላል።

የ1955 ድርብ ፔኒ የዚህ ሁሉ አለቃ ነው። ዓመቱና ጽሑፉ ያለ መነጽር ድርብ ሆኖ ይነበባል። ማተሚያ ቤቱ ስሕተቱን ሲደርስበት ከ20,000 በላይ የሚሆኑት ከደኅናው ጋር ተቀላቅለው ስለነበር እንዳሉ ለቀቃቸው፤ ብዙዎቹም የሲጋራ መሸጫ ማሽኖች ከፓኮው ጋር በሚሰጡት መልስ ውስጥ ወጡ። ያገለገለው እንኳ ዛሬ ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣል። የ1969 የ«ኤስ» ድርብ ፔኒ ከዚህም ይበልጥ ብርቅ ነው፤ በወቅቱ ሐሰተኛ ሳንቲም ስለተሠራ የአሜሪካ መንግሥት መርማሪዎች እውነተኞቹንም መጀመሪያ ላይ ይዘው ነበር፤ ጥሩ ይዞታ ያለው አሥር ሺዎች ዶላር ይጠየቅበታል። ይህን ሁለቱን ከሳጥን አገኛለሁ ብሎ መጀመር ግን ራስን ማታለል ነው።

በተጨባጭ የሚገኙት ሌሎቹ ናቸው። የ1972 ያለ ፊደል ፔኒ በሊንከን ፊት በኩል ጽሑፉ በሙሉ ድርብ ሲሆን በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። በ1983 ድርቡ የሚታየው በጀርባው ላይ ስለሆነ፣ የዚያን ዓመት ፔኒ ሁሉ ገልብጦ የ«ዋን ሴንት»ን ፊደላት ማየት ያስፈልጋል። በ1984 ከሊንከን የጆሮ ጫፍ በታች ሁለተኛ የጆሮ ጫፍ ይታያል። የ1995ቱ ከሁሉ በብዛት የሚገኝ ሲሆን «ሊበርቲ» የሚለው ቃልና «ኢን ጎድ» የሚሉት ድርብ ናቸው፤ ዋጋው በአሥሮች የሚቆጠር ዶላር ቢሆንም ለጀማሪ ዓይን ማስለመጃ ከእርሱ የሚሻል የለም።

ሌላው የሚፈለገው ያልታሰበለት ማኅተም ጥቅም ላይ የዋለበት ነው። በጀርባው «አሜሪካ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት፣ «ኤ» እና «ኤም»፣ እግሮቻቸው ሊነካኩ የደረሱ ወይም በግልጽ የተራራቁ ይሆናሉ። በ1998፣ በ1999 እና በ2000 ለዝውውር የታተመው መቀራረብ ሲገባው አንዳንዶቹ ተራርቀው ይገኛሉ፤ ከሦስቱ የ1999ኙ በጣም ብርቅ ነው። በ1992 ደግሞ ነገሩ ተገላብጦ፣ መራራቅ ሲገባቸው የተቀራረቡት ናቸው የሚፈለጉት፤ እነርሱ እጅግ ጥቂት ናቸው።

ሚዛን የሚፈርድባቸው

በ1982 ማተሚያ ቤቱ 95 በመቶ መዳብ የነበረውንና 3.11 ግራም የሚመዝነውን ፔኒ ትቶ፣ ዚንክ ሆኖ በስስ መዳብ ወደተለበጠውና 2.5 ግራም ወደሚመዝነው ተሸጋገረ። በዚያ ዓመት ሁለቱም ዓይነት፣ የዓመቱ ቁጥር አጻጻፍም ትልቅና ትንሽ ሆኖ ታትሟል። በትልቁ የ2 ቁጥር ግርጌ ቀጥ ያለ ሲሆን የ8 የላይኛው ክብ ከታችኛው ያንሳል፤ በትንሹ የ2 ግርጌ ይጎብጣል፤ የ8 ክቦችም እኩል ናቸው። በወጉ የሚታወቁት ዓይነቶች ሰባት ናቸው፤ መኖር ያልነበረበት ስምንተኛው የዴንቨር ባለ ትንሽ ቁጥር የመዳብ ፔኒ ሲሆን፣ የመጀመሪያው በ2016 ተገኝቷል። ስለዚህ «ዲ» ያለበትና ቁጥሩ ትንሽ የሆነ የ1982 ፔኒ ሁሉ ይመዘናል። ወደ 3.1 ግራም ካሳየ እጅን ከሳንቲሙ ሰብስቦ ባለሙያ መፈለግ ይገባል። የ1983 ፔኒዎችም በዚሁ መንገድ ይመዘናሉ፤ በስሕተት በመዳብ የታተሙ ጥቂቶች ተገኝተዋልና።

በ1943 መዳቡ ለጦርነቱ ስለተፈለገ ፔኒ የታተመው ከአረብ ብረት (ስቲል) ነው፤ በስሕተት በመዳብ የታተሙት ጥቂቶች ብቻ ሲሆኑ በመቶ ሺዎች ዶላር ተሸጠዋል። መዳብ የመሰለ የ1943 ፔኒ ሲገኝ መጀመሪያ ማግኔት ይቀርብለታል። ከተሳበ በመዳብ የተለበጠ ተራ ብረት ነው። ካልተሳበ ደግሞ የ1948 ሳንቲም 8 ቁጥሩ ተፍቆ 3 የተደረገ እንዳይሆን ቁጥሩ በመነጽር ይመረመራል።

ዓይንን የሚያታልለው ድርብነት

ጀማሪ ደብልድ ዳይ አገኘሁ ከሚልባቸው ሳንቲሞች አብዛኞቹ ዋጋ የላቸውም፤ ስለዚህ በዚህ ነጥብ ላይ ጊዜ መውሰድ ተገቢ ነው። ማኅተሙ በምቱ ቅጽበት ላልቶ ከተንቀጠቀጠ፣ ገና የታተመውን ፊደል ጎኑን ገፍቶ እንደ ደረጃ ጠፍጣፋና ዝቅ ያለ መስመር ይተውበታል። በዚህ ጊዜ ዋናው ፊደል ከወትሮው ይቀጥናል፤ ድርቡም የፊደሉን ቅርጽ አይደግምም። በእውነተኛው ግን ፊደሉ ይወፍራል፤ ሁለተኛው ቅርጽ እንደ መጀመሪያው ክብነትና ከፍታ አለው፤ በተለይ የፊደሎቹ ማዕዘኖች ተሰንጥቀው መሃላቸው ላይ ትንሽ ቦይ ይታያል። ማዕዘኑ ያልተሰነጠቀ ፊደል ይዞ ተስፋ ማድረግ አይጠቅምም።

ከ1982 በኋላ ባሉት የዚንክ ፔኒዎች ላይ ደግሞ መዳቡ አረፋ ይሠራል፤ ልባሱ ከፊደሎቹ ሥር ተሰንጥቆም ግራጫ መስመር ያሳያል። ሁለቱም በጣም የተለመዱ ስለሆኑ ይጣላሉ። በልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ የተንከባለለ፣ በአሲድ የሳሳ፣ በመዶሻ ወይም በጉጠት የተጨፈለቀ፣ በጥቅል ማሽን የተቧጨረ ሳንቲምም ከማተሚያ ቤቱ ከወጣ በኋላ የተበላሸ ነው።

በቅርጽ የሚታወቁት

ከመሃል ወጥቶ የተመታ ፔኒ በአንድ ወገኑ ባዶ ጨረቃ ይተዋል፤ ባዶው ቦታ እየሰፋ በሄደ ቁጥር፣ ዓመቱ እስከታየ ድረስ፣ ዋጋው ይጨምራል። ጎኑ በክብ የጎደለ ከሆነ በተቃራኒው ጫፍ ያለው ጠርዝ ደብዝዞ መታየት አለበት፤ ጠርዙ ደኅና ከሆነ ሰው በመቀስ የቆረጠው ሊሆን ስለሚችል ይጠረጠራል። ከማኅተሙ ጠርዝ ቁራጭ ሲገነጠል ሳንቲሙ ላይ ፊደሎችን የሚውጥ ከፍ ያለ እብጠት ይተርፋል፤ ይህም ተፈላጊ ነው። ቀጫጭን የማኅተም ስንጥቆች ግን ይበዛሉ፤ ዋጋቸውም ትንሽ ነው።

ከተገኘ በኋላ

የተገኘው ሳንቲም አይታጠብም፣ አይወለወልም። ቢቆሽሽም ቆሻሻው እንዳለ ይቀመጣል፤ የተጸዳ መዳብ በባለሙያ ዓይን ወዲያው ስለሚታወቅ ዋጋው ይወድቃል። መስኮት ባለው የካርቶን መያዣ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ፒቪሲ ያለበት ለስላሳ ፕላስቲክ ግን ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝቃጭ ስለሚፈጥር መወገድ አለበት። ዋጋውን ለማወቅ በኢቤይ ላይ ሻጮች የሚጠይቁትን ሳይሆን ተሽጠው ያለቁትን ማየት ነው። እንደ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ያሉ መርማሪ ድርጅቶች ሳንቲሙን አረጋግጠው በፕላስቲክ መያዣ ውስጥ ያሽጉታል፤ ክፍያውና መላኪያው በአሥሮች ዶላር ስለሚሆን የ30 ዶላር ፔኒ መላክ ኪሳራ ነው። ለ1969 የ«ኤስ» ዓይነቱ ግን ያለ ማረጋገጫ ገዢ አይገኝም።

የተፈተሸው ፔኒ ወደ ባንክ ሲመለስ፣ ከተወሰደበት ቅርንጫፍ ወደተለየ ሌላ ቦታ ማስገባት ይመከራል። ካልሆነ ሠራተኞቹን ያሰለቻል፤ የተፈተሸውም ፔኒ ተመልሶ ለራስ ሊሰጥ ይችላል። በየሱፐርማርኬቱ ያሉ የሳንቲም መቁጠሪያ ማሽኖች ገንዘብ ሲቀበሉ ኮሚሽን ስለሚቆርጡ፣ ለአባላቱ በነፃ የሚቆጥር የብድርና ቁጠባ ማኅበር ካለ እርሱ ይሻላል። ከ1982 በፊት ያሉትን የመዳብ ፔኒዎች በብረቱ ዋጋ ብሎ የሚያጠራቅም ሰው ደግሞ፣ ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ፔኒ ማቅለጥ በፌዴራል ደንብ መከልከሉን ማወቅ አለበት። ይኸው ደንብ መንገደኛ ከአገር ይዞ የሚወጣውን የፔኒና የ5 ሳንቲም ገንዘብ በ5 ዶላር፣ ለግል ስብስብ መሆኑ ግልጽ ከሆነ ደግሞ በ25 ዶላር ስለሚወስን፣ ለእረፍት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከረጢቱን በሻንጣው ይዞ ሊወጣ አይችልም።