የ12ኛ ክፍል ፈተና፦ 300 ነጥብ ከየት ይሰበሰባል?

ሐይቅም ሁኑ መርሳ፣ ኩታበርም ሁኑ ደሴ፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ለምትፈተኑ ልጆች ነው የምጽፈው። የሒሳብ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼን እንቅልፍ የሚነሳቸው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት "50 ከመቶ" ያስፈልጋል የሚለው ነገር ነው። ብዙዎቹ በእያንዳንዱ ትምህርት 50 ካላመጡ የወደቁ ይመስላቸዋል። አብሽሩ፣ እንደዚያ አይደለም።

የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ (የማሰብና የማመዛዘን ችሎታ ፈተና)፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል። የማኅበራዊ ሳይንሱ በመጨረሻዎቹ ሦስት ፋንታ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ አለው። እያንዳንዱ ከ100 ስለሚያዝ ድምሩ 600 ነው፤ የሚፈለገው የዚህ ግማሽ ነው። ፊዚክስ 38 ያመጣች ልጅ ባዮሎጂ 62 ካመጣች ጉድለቷን ሞላች ማለት ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ የቆዩ ፈተናዎችን ሰዓት ይዛችሁ ሥሩና የስድስቱን ውጤት በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ "አሥር ነጥብ በትንሽ ድካም የማገኘው ከየትኛው ነው?" በሉ። በእኔ እምነት መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አፕቲትዩድ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ስለሌለው ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ ክብደቱ ግን ከፊዚክስ እኩል ነው! በቀን ግማሽ ሰዓት ስጡት።

በቆዩት ወረቀቶች እንግሊዝኛ 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት፣ ሒሳብ 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት ነው። ለአንድ የሒሳብ ጥያቄ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሁሉንም ከሥሩ መፍታት አያዋጣም። ይህን እዩ፦

√(ሀ + 6) = ሀ ከሆነ፣ ሀ ስንት ነው? ምርጫዎቹ፦ 3፤ −2፤ 3 እና −2፤ መልስ የለውም።

ሁለቱን ወገን ካሬ አድርጎ የሚፈታ ተማሪ 3 እና −2 ያገኛል፤ ያ ምርጫም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ምርጫውን በቦታው መተካት ግን ይፈጥናል። 3ን ስናስገባ √9 = 3፤ ልክ ነው። −2ን ስናስገባ √4 = 2፤ −2 አይደለም። መልሱ 3 ብቻ ነው።

ተሳስታችሁ ብትመልሱ ነጥብ አይቀነስባችሁም፤ ስለዚህ ባዶ የተተወ ጥያቄ አይኑር። በወረቀት የምትፈተኑ ከሆነ አንድ ጥያቄ ስትዘሉ በመልስ መስጫው ላይም መስመሩን ዝለሉ፤ በየአሥሩ ጥያቄ ተራ ቁጥሩን አመሳክሩ። በኦንላይን የምትፈተኑ ደግሞ አስቀድማችሁ በትምህርት ቤታችሁ ኮምፒውተር እጃችሁን አፍታቱ።

እናቶችና አባቶች፣ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድረው ሊፈተኑ ይችላሉ። ስልክ ቤት ይቅር። የደሴ ብርድ ቀልድ አያውቅም፤ ጋቢ አስይዟቸው።