ቤተሰብ ይዛችሁ ጎንደር ስትመጡ የምትሳሳቷቸው ነገሮች

አስጎብኚ ነኝ። «አንድ ቀን ይበቃናል» ብሎ የሚመጣ ቤተሰብ ገና ከመኪና ሲወርድ ያስታውቃል። አባት ስልኩ ላይ ዝርዝር ይዟል፦ ፋሲል ግንብ፣ የፋሲል መዋኛ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ የሰሜን ተራሮች። አይተርፍም! የተራሮቹ መግቢያ የሆነችው ደባርቅ ለመድረስ ብቻ ወደ 100 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። ሰሜንን ከፈለጋችሁ ራሱን የቻለ ቀን ስጡት፤ ካልሆነ ለሌላ ጊዜ ተዉት።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን መጨረሻ ላይ ማድረግ። ጠዋት ግንቡ፣ ከምሳ በኋላ ቤተ ክርስቲያን። ሁሉም እንዲህ ያቅዳል። በዐቢይ ጾም በሥራ ቀን ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ መሆኑን የሚያስብ የለም። ቅዳሴ እስኪወጣ ደግሞ ሥዕል ልይ ብሎ መግባት የለም።

በአንድ ዐቢይ ጾም አንዲት እናት ከልጃቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጡ። እሳቸው የመጡት ሥላሴን ለመሳለም ነው። ልጃቸው ግን «ግንቡን እንጨርስና» እያለ በፀሐይ ደረጃ ሲያወጣቸውና ሲያወርዳቸው አረፈደ። ሥላሴ ስንደርስ ቅዳሴ ገብቷል። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ከቅጥሩ ጥግ ቆመው ማስቀደስ ጀመሩ። ልጆቹ ራባቸው። ልጃቸው ሰዓቱን ያያል፤ አውሮፕላን ሊያመልጠው ነው። ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች አንዳቸውም ሳያዩ ሄዱ። ያን ቀን የመጣበትን ያገኘ ሰው ቢኖር እማማ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ በጾም ከመጣችሁ ጠዋት በቀጥታ ሥላሴ። በፍስክ፣ በቅዳሜና በእሁድ ደግሞ ቅዳሴው ጠዋት ስለሆነ ከተቀደሰ በኋላ። ወር በገባ በ7 ሥላሴ ነው፤ ለመሳለም ከሆነ ኑ፣ ሥዕሉን ረጋ ብላችሁ ለማየት ከሆነ ግን ሌላ ቀን ይሻላል። የካሜራ ፍላሽ አጥፉ። ለልጆቹ ከመግባታችሁ በፊት የንቦቹን ታሪክ ንገሯቸው፦ የሱዳን ደርቡሽ ጦር በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያዳናት የንብ መንጋ ነው ይባላል። ይህን የሰማ ልጅ «ቶሎ እንሂድ» አይልም።

መዋኛው ውሃ የለውም። በየሳምንቱ የምደግመው ዓረፍተ ነገር ነው። ከቀሃ ወንዝ ውሃ የሚገባበት ለጥምቀት ነው፤ ሌላ ጊዜ ደረቅ ነው። የዋና ልብስ ይዞ የመጣ ልጅ አይቻለሁ፤ ፊቱን ማየት ያሳዝናል። ግን ልጆችን አስቀሩ ማለቴ አይደለም። ግድግዳውን አቅፈው የያዙት የዛፍ ሥሮች ከውሃው በላይ ይገርሟቸዋል። ለጥምቀት ከሆነ የምትመጡት፣ ሆቴል ከወራት በፊት ያዙ። በከተራ ዋዜማ «ክፍል ፈልግልኝ» ብሎ ለሚደውል ዘመድ መፍትሔ የለኝም።

ግንቡ ግቢ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው የዐፄ ፋሲልን ግንብ ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይወጣል። ግቢው የአንድ ንጉሥ አይደለም እኮ! ፋሲል ከተማዋን በ1636 እ.ኤ.አ. ቆረቆሩ፤ ከዚያ ልጅ፣ የልጅ ልጅ እያለ እስከ እቴጌ ምንትዋብ ድረስ እያንዳንዱ የራሱን ጨመረበት። በቅደም ተከተል ከሄዳችሁ ልጆች ራሳቸው ይጠይቃሉ። «የኢያሱ ግንብ ጣሪያው የት ሄደ?» ይላሉ። በ1704 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በ1941 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ለማስወጣት ሲደበድቡ ቦምብ አገኘው። የአንበሶቹን ቤት አትዝለሉ። ለትንንሾቹ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

አስጎብኚ ያዙ፤ የራሴን ገበያ ማሻሻጤ አይደለም። ዋጋውን ግን ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ።

ከአዲስ አበባ በመኪና ለመምጣት የምታስቡ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት በመጣችሁበት ትዝታ አትነሱ፤ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በዚያው ሳምንት እዚህ ላለ ሰው ደውሉ። አውሮፕላን ማረፊያው አዘዞ ነው፤ ከከተማው ወጣ ይላል። ስትመለሱ ለመንገዱ ጊዜ ያዙ።

ቁስቋም ኮረብታ ላይ ነው። አዛውንት ካሉ በባጃጅ ውጡ፤ በእግር እናዝግም ብላችሁ አታድክሟቸው። ሹራብም ያዙ፤ ከተማው ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ማታ ይበርዳል።