ጌም ላይ የሚንቀራፈፍ ላፕቶፕን ምክንያቱን ለይቶ ማስተካከል

ላፕቶፕ ጌም ላይ ሲንቀራፈፍ ብዙ ሰው ወዲያው ራም (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ለመጨመር ወይም ፎርማት ለማስደረግ ይሮጣል። ራሙ ገንዘብ ያስወጣል፣ ፎርማቱ ፋይል ያስጠፋል፤ ምክንያቱ ሌላ ከሆነ ደግሞ ጌሙ ተመልሶ ያው ነው። የእኅቴ ልጅ ላፕቶፕ አንድ ሱቅ ውስጥ ራም ተጨምሮለት ምንም ለውጥ ስላላሳየ ወደ እኔ ይዞት መጥቶ ነበር፤ ስከፍተው ያገኘሁትን ወደ ታች እገልጻለሁ። ቅደም ተከተሉ ወጪ ከሌለው ተነሥቶ ወጪ ወዳለው የሚሄድ ሲሆን፣ በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ይሠራል።

በመጀመሪያ ችግሩ የላፕቶፑ ይሁን የኢንተርኔቱ ይለዩ፤ «ላግ ያደርጋል» ሲባል ሁለቱ ይደባለቃሉና። ምስሉ ሳይቆራረጥ እየሄደ ተጫዋቾቹ ከቦታ ቦታ የሚዘሉ ከሆነ ጉዳዩ የኔትወርክ ነው። የጌሙ ሰርቨር፣ ማለትም ተጫዋቾቹን የሚያገናኘው ኮምፒውተር፣ ከኢትዮጵያ ርቆ አውሮፓ ውስጥ ከሆነ ርቀቱ ራሱ መዘግየት ስለሚፈጥር፣ ላፕቶፑ ላይ የሚደረግ ለውጥ አይፈታውም። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ጌም ከፍተው እዚያም ምስሉ ከተቆራረጠ ግን ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ቀጥሎ ጌሙ ተከፍቶ ሳለ የዊንዶውስን ቁልፍ ከጂ ጋር ይጫኑ። በሚመጣው ጌም ባር ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለውን ሳጥን ፒን ካደረጉት፣ የሲፒዩ (የዋናው ማስሊያ)፣ የጂፒዩ (ምስሉን የሚሥለው ክፍል) እና የራም አጠቃቀም እንዲሁም ኤፍፒኤስ፣ ማለትም በአንድ ሰከንድ የሚታዩት ምስሎች ብዛት፣ ሲጫወቱ ሁሉ ስክሪኑ ጥግ ላይ ይታያል። ከዚያ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ይጫወቱና ቁጥሩ መቼ እንደሚወርድ ይከታተሉ። እኔ ከሁሉም በላይ የምተማመነው በዚህ ምልክት ነው። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ዝቅ ያለ ከሆነ የኃይል አቅርቦቱን፣ የጂፒዩ ምርጫውን ወይም የጌሙን ሴቲንግ ይጠርጥሩ። በ60 ጀምሮ ከ10 ደቂቃ በኋላ ወደ 25 የሚወርድ ከሆነ በአብዛኛው ሙቀት ነው። ሌላው ጊዜ ደህና ሆኖ አዲስ ቦታ በገቡ ቁጥር ለአፍታ ቀጥ የሚል ከሆነ ደግሞ ነገሩ በአብዛኛው ዲስክ ወይም ራም ነው።

ዝቅ ብሎ የሚጀምር ከሆነ ቻርጀሩን ይመልከቱ። ላፕቶፕ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ጂፒዩው ሙሉ ኃይሉን እንዳይጠቀም ስለሚገደብ፣ መብራት ጠፍቶ የሚታየው ፍጥነት መለኪያ ሊሆን አይችልም። ቻርጀሩ በሌላ የተተካ ከሆነም አውትፑት የሚለውን ጽሑፍ አንብበው ቮልቱን በአምፒሩ ያባዙት። 19.5 ቮልት በ3.34 አምፒር 65 ዋት ገደማ ነው፤ 180 ዋት በሚፈልግ የጌም ላፕቶፕ ላይ ይህ ቢሰካ፣ ጫፉ ልክ ገብቶ ባትሪውን ቢሞላ እንኳ፣ ላፕቶፑ ፍጥነቱን ቀንሶ ሊሠራ ይችላል። በሴቲንግ ውስጥም (በዊንዶውስ 10 ከታች ያለውን የባትሪ ምልክት ተጭነው) ፓወር ሞድን ቤስት ፐርፎርማንስ ላይ ያድርጉት።

ብዙ ላፕቶፖች ሁለት ጂፒዩ አላቸው፤ አንዱ ከሲፒዩው ጋር አብሮ የተሠራ፣ ሌላው እንደ ኢንቪዲያ ጂፎርስ ለብቻው የቆመና አቅም ያለው። ጌሙ በደካማው ላይ እንዳይሠራ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ግራፊክስ ብለው ገብተው ጌሙን ይምረጡና ሃይ ፐርፎርማንስ ያድርጉለት። የጂፒዩውን ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ጂፒዩውን የሚያዝበትን ሶፍትዌር፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ።

ሙቀት ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ብዙዎቹ የላፕቶፕ ሲፒዩዎች ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርሱ ጉዳት እንዳይደርስባቸው ራሳቸው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ዲግሪውን ኤችደብሊው ኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ማየት ይቻላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ ስለዚህ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም ባሕር ጠረፍ ላይ ካለ ከተማ ያነሰ ሙቀት ነው ይዞ የሚወጣው። በዚህ ላይ አቧራ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። የእኅቴን ልጅ ላፕቶፕ የታችኛውን ክዳን ስፈታ፣ በፋኑና ሙቀቱን በሚያስወጡት ስስ የብረት ክንፎች መካከል ግራጫ አቧራ እንደ ባዘቶ ተደምድሞ የአየሩን መውጫ ዘግቶት ነበር፤ በመቆንጠጫ ስስበው ሳይበተን እንደ ጨርቅ ቁራጭ ወጣ። በተጨመረው ራም ያልመጣው ፍጥነት የዚያኑ ዕለት ማታ ተመለሰ።

ለማጽዳት ላፕቶፑን አጥፍተው ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ክዳኑ ሲከፈት ከሁሉ አስቀድሞ የባትሪውን ገመድ ከቦርዱ ያላቅቁ። ፋኑን እንዳይሽከረከር በስቴኪኒ ይዘው በለስላሳ ብሩሽና በአየር ያጽዱ፤ በኃይለኛ አየር እንዲሽከረከር ከተለቀቀ ሊበላሽ ይችላልና። ዓመታት የሠራ ላፕቶፕ ከሆነ በሲፒዩውና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ተርማል ፔስት ደርቆ ሊሆን ስለሚችል፣ እሱን መቀየር ለባለሙያ ቢሰጥ ይሻላል። መክፈት ካልፈለጉም አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አድርገው አይጫወቱ፤ የኋላ ጠርዙን በሁለት የውኃ ፕላስቲክ ክዳኖች ከፍ ማድረግ ብቻውን ለታችኛው የአየር ማስገቢያ መተንፈሻ ይሰጠዋል።

ሙቀቱም ኃይሉም ደህና ሆኖ ጂፒዩው ያለማቋረጥ ወደ 100 ፐርሰንት የተጠጋ ከሆነ ላፕቶፑ አቅሙን ጨርሷል ማለት ነው፤ የሚቀረው የጌሙን ሴቲንግ ማውረድ ነው። ጥላውን፣ ማለትም ሻዶው የሚለውን፣ አስቀድመው ይቀንሱ። ካልበቃ ሬዞሉሽኑን ያውርዱ፤ 1920 በ1080 ሲሆን ጂፒዩው ለእያንዳንዱ ምስል 2,073,600 ነጥቦችን ይሥላል፣ 1280 በ720 ሲሆን ግን 921,600 ብቻ።

ገንዘብ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። ጌሙ ቀጥ በሚልበት ሰዓት ዲስኩ 100 ፐርሰንት ከሆነና ጌሙ የተጫነው በሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ይግዙ። ራሙ ሞልቶ ከተገኘ ወይም ላፕቶፑ የተለየ ጂፒዩ ከሌለው ራም መጨመር ይጠቅማል፤ አብሮ የተሠራው ጂፒዩ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ስለሆነ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ከአንድ ባለ 16 የተሻለ ፍጥነት ይሰጡታል። ከመግዛትዎ በፊት በታስክ ማናጀር ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪ በሚለው ገጽ ላይ ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ያንብቡ፤ የራም ዓይነቶችም ይለያያሉ፤ ዲዲአር 4 በዲዲአር 5 ቦታ አይገባም፣ በአንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ላይም ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ በመሆኑ ጨርሶ አይጨመርም።