በአነስተኛ በጀት የጌም ኮምፒውተር፦ ማስገጣጠም፣ የተገጣጠመ መግዛት ወይስ ሦስተኛው መንገድ?

ለጌም የሚሆን ዴስክቶፕ ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው በአብዛኛው የሚሰማው ምክር «ዕቃውን ለየብቻ ገዝተህ ብትገጣጥመው ይረክስልሃል» የሚል ነው። ምክሩ የኮምፒውተር ዕቃ በየዓይነቱ በሚገኝበት ገበያ ይሠራል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ነጠላ ዕቃዎች በብዛት ስለማይገቡ፣ በተለይም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ብር በዶላር አንጻር ስለወረደ፣ ሒሳቡ ሁልጊዜ እንደተባለው አይወጣም። ስለዚህ ከውሳኔ በፊት በቅደም ተከተል መሄድ ያስፈልጋል።

በቅድሚያ መጫወት የሚፈልጓቸውን ጌሞች ስም ይጻፉ። ቫሎራንት፣ ካውንተር ስትራይክ 2 ወይም ጂቲኤ 5 ከሆኑ፣ በ1080ፒ (ፉል ኤችዲ) ሞኒተር ላይ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራው ዕቃ) ይበቃል። በየዓመቱ የሚወጡትን ከባድ ጌሞች የሚፈልግ ሰው ግን ከ8 ጊጋባይት በታች ባይገዛ ይሻለዋል። ቀጥሎ ከጠቅላላ ገንዘብዎ ላይ የሞኒተሩን፣ የኪቦርዱን፣ የማውሱንና የዩፒኤሱን (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ) ዋጋ ይቀንሱ፤ ለኮምፒውተሩ የቀረው በጀት ይኸው ነው። በነገራችን ላይ ዩፒኤስ ላይ የተጻፈው 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት ማለት አይደለም፤ የሚሰጠው ዋት ከዚያ ያነሰ ስለሆነ በዋት የተጻፈውን ቁጥር ይፈልጉ።

ከዚያም በአንድ ቀን ውስጥ ቢያንስ ከሁለት ሱቆች ፕሮፎርማ ይውሰዱ፤ አንዱ ተገጣጥሞ ለተዘጋጀ ኮምፒውተር፣ ሌላው ለተመሳሳይ ነጠላ ዕቃዎች ይሁን። ፕሮፎርማው «ጌሚንግ ፒሲ፣ 16 ጊጋ ራም» ብሎ ብቻ ማለፍ የለበትም፤ የማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ)፣ የኤስኤስዲው (የፋይል ማከማቻው) እና የፓወር ሰፕላዩ (ለዕቃዎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው) ሞዴል መጻፍ አለበት። ተገጣጥሞ የሚሸጥ ርካሽ ኮምፒውተር የሚቆጥበው ብዙውን ጊዜ ለዓይን በማይታየው ፓወር ሰፕላይ ላይ ነው። በመስታወትና በመብራት ያጌጠ ኬዝ ውስጥ ስም የለሽ ፓወር ሰፕላይ ማግኘት የተለመደ ስለሆነ፣ ሞዴሉን ለመጻፍ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎ ወደ ሌላ ሱቅ ቢሄዱ ይሻላል።

በጀታቸው ጠበብ ላለ ሰዎች እኔ የማስቀድመው ግን ሦስተኛውን መንገድ ነው፤ ይኸውም እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ያለ፣ ቢሮ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ነው። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች በጥንቃቄ መታየት አለባቸው። አንደኛ፣ ፕሮሰሰሩ ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ አይ5-8500 ሲባል ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 8 ትውልዱን ያሳያል። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ ዊንዶውስ 11ን ደግሞ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ላሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ ስለማይደግፍ፣ ከዚያ በታች ያለው ርካሽ ቢመስልም አያዋጣም። ሁለተኛ፣ ትልቁን ቁመት ያለውን ታወር ይምረጡ፤ ቀጭኑ ሞዴል ቁመቱ አጭር የሆነ ካርድ ብቻ ሲቀበል፣ ትንሿ ሚኒ ደግሞ ለካርድ ቦታ የላትም። ሦስተኛው የኃይሉ ጉዳይ ነው። የእነዚህ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ300 ዋት በታች ነው፤ በብዙዎቹ ላይም ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው ሶኬት ከተለመደው ባለ 24 ፒን የተለየ በመሆኑ በሌላ መተካት ያስቸግራል። ስለዚህ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ስሎት (ካርዱ ከሚሰካበት ቦታ) ከሚያገኘው 75 ዋት በላይ የማይጠይቅ፣ ለምሳሌ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማያስፈልገው ጂቲኤክስ 1650 ወይም ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ይፈልጉ። ከ1650 ሞዴሎች መካከል ባለ 6 ፒን ገመድ የሚጠይቁም ስላሉ የካርዱን ጠርዝ አይቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ያገለገለ ካርድ ሲገዙ ሳይሞክሩ አይክፈሉ። ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ ባዮሱ (ካርዱ ውስጥ ያለው መነሻ ሶፍትዌር) ተቀይሮ በአዲስ ስም የሚሸጥ አሮጌ ካርድ ሲያጋጥመው ብዙውን ጊዜ ከስሙ ጎን ሐሰተኛ መሆኑን ይጽፋል። ከዚያም ካርዱን አስጨንቆ የሚፈትነውን ፈርማርክ የተባለ ፕሮግራም ለ15 ደቂቃ ያህል አስነስተው ምስሉ ይቆራረጥ እንደሆነ፣ ኮምፒውተሩም ይጠፋ እንደሆነ ይከታተሉ። ሻጩ ጊዜ የለኝም ካለዎ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።

ነጠላ ዕቃ ገዝቶ መገጣጠም የሚያዋጣው ኮምፒውተሩን በየጊዜው ለማሳደግ ላሰበ ሰው ነው። ለጊዜው ግራፊክስ ካርድ መግዛት ካልቻሉ እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያለ፣ የራሱ ግራፊክስ ያለው ፕሮሰሰር መነሻ ይሆናል፤ በዚህ ጊዜ አንድ 16 ጊጋ ራም ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት በጌም ላይ በግልጽ የሚታይ ልዩነት ያመጣል። በስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ ያለበት የኢንቴል ፕሮሰሰር ግን ያለ ካርድ ምስል አይሰጥም።

ዕቃው በዘመድ እጅ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ፣ ሶኬት ላይ ከመሰካትዎ በፊት የፓወር ሰፕላዩን ጀርባ ይመልከቱ። በአንዳንዶቹ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ፤ 115 ላይ እንዳለ የእኛ 220 ቮልት ከገባበት ወዲያው ይቃጠላል። ሁሉም ተገጥሞ ኮምፒውተሩ ሲነሳም የሞኒተሩ ገመድ መሰካት ያለበት ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው።