ክሊራንስ ያልጨረሰች ጀግና፦ የአስማት ዩኒቨርሲቲ ልቦለዳችሁን ቅጽ ሁለት ስትጽፉ

ቅጽ አንድ አልቋል እንበል። ልጅቷ ከገጠር መጥታ የአስማት ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ላይብረሪው ምድር ቤት ሌሊት ሌሊት የሚሰበሰበውን ማኅበር ደርሳበታለች። የዶርም ጓደኛዋ ሞታ እሷ ተርፋለች። አንባቢው «ከዚያስ?» እያለ ነው፤ እናንተ ደግሞ ባዶ ገጽ ላይ አፍጥጣችኋል።

መጀመሪያ የሚመጣላችሁን ሐሳብ አትመኑት። የሚመጣው አዲስ ጠላት፣ አዲስ ድግምትና ከበፊቱ የገዘፈ ጭራቅ ነው። እኔም በዚሁ ተሸውጄ ሰማንያ ገጽ ያህል ጽፌ ጥያለሁ፤ ጭራቁ በገባ ቁጥር ልጅቷ እየጠፋች ስለሄደች። ይልቅ እርሳስ ያዙና ቅጽ አንድን እንደ አበዳሪ አንብቡት። ጀግናዋ በነጻ ያገኘችውን ሁሉ አስምሩበት። ማን አዳናት? ምን ብላ ማለች? የማንን መጽሐፍ ሳትመልስ ቀረች? ቅጽ ሁለት የሚነሳው ከነዚህ መስመሮች ነው።

አብሾን አስቡት። በቅኔ ቤት ወግ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ የሚወሰድ ተክል ነው፣ ሳይንሱ ዳቱራ ይለዋል፣ መርዝ ነው (ለምርምር ብላችሁ እንዳትሞክሩት!)። ግን ለደራሲ ትልቁ ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሰውየው ተምሮ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ብርሌ ጠጅ ሲቀምስ «አብሾው ተነሳበት» ይባላል። እውቀቱን ወጣት ሳለ ወሰደ፣ ሒሳቡ ጎልማሳ ሲሆን መጣ። አስማታችሁ እንዲህ ዘግይቶ የሚያስከፍል ከሆነ ጭራቅ አያስፈልጋችሁም።

ሒሳቡ ደግሞ በቢሮ በኩል ይምጣ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ከጋኔን ይልቅ ሬጅስትራርን ነው የሚፈራው። ልጅቷ ሁለተኛ ዓመት ልትመዘገብ ተሰልፋለች እንበል። ተራዋ ሲደርስ መስኮቱ ጋ ያሉት ሴትዮ ቀና ሳይሉ «የኔ ልጅ፣ ክሊራንስሽ አላለቀም» ይሏታል። ክሊራንስ ማለት ተማሪው ዕዳ እንደሌለበት የየክፍሉ ሰው የሚፈርምበት ወረቀት ነው፤ ላይብረሪ ፈርሟል፣ ካፌ ፈርሟል፣ ዶርም ፈርሟል። ከታች በእጅ የተጨመረ አንድ መስመር አለ፤ ፈራሚው ቦታ ላይ የሟች ጓደኛዋ ስም ተጽፏል። ይኼ አንድ ገጽ ነው፣ ግን ሦስት መቶ ገጽ ይጎትታል።

ግቢውን ከባዶ መፍጠር የምትፈልጉም ካላችሁ መጀመሪያ 6 ኪሎን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ድሮ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ታግተው የነበሩ ሚኒስትሮችና መኳንንት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ተረሸኑ፤ ዓመት ቆይቶ ግቢው ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የንጉሡ መኝታ ቤት ዛሬም ሙዚየሙ ውስጥ ይታያል። ደጅ ላይ ጣልያኖች የሠሩት ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ እርከን አንድ የፋሺስት አገዛዝ ዓመት ይቆጥራል፣ የትም አያደርስም፣ ኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። የትም የማያደርስ ደረጃ! እኔ ብሆን ቅጽ አንድ ላይ ተማሪዎቹ ቁጭ ብለው ለውዝ ይበሉበት ነበር፣ ቅጽ ሁለት ላይ አንድ ሌሊት ሲቆጥሩት አንድ እርከን ይተርፋል። እንዲህ ነው የሚሻለው፦ አዲስ ሕንጻ አትሥሩ፣ አንባቢው የለመደውን ቦታ አጉድሉበት ወይም ጨምሩበት።

ያለፈውን ማስታወስ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። «ባለፈው ዓመት በአሰቃቂ ሁኔታ የሞተችው የቅርብ ጓደኛዋ ትዝ አለቻት» ብላችሁ ከጀመራችሁ አንባቢው ዜና የሚሰማ ይመስለዋል። «ሁለተኛው አልጋ ላይ ፍራሽ የለም። ጽዳቷ መጥረጊያዋን እዚያ ማስደገፍ ጀምራለች» በሉ። ቅጽ አንድን ያነበበው ይደነግጣል፣ ያላነበበው ይጠይቃል፣ ሁለቱም ገጽ ይገልጣሉ።

መምህሩን ደግሞ ዝም ብላችሁ ክፉ አታድርጉት። ጥቁር ካባ ለብሶ የሚስቅ ፕሮፌሰር ሰልችቶናል። የምትወደው የኔታ ይሁን፣ ስትታመም ሾርባ ያመጣላት፣ ማኅበሩ የሚያደርገውን ከመጀመሪያው እያወቀ «እውቀቱ ከሚጠፋ» ብሎ ዝም ያለ። እሷም ቀስ በቀስ እንደሱ ማሰብ ትጀምር። እዚህ ጋ አትቸኩሉ፣ ሦስትና አራት ምዕራፍ ስጡት፤ ይሄ ዘውግ («ዳርክ አካዴሚያ»፣ የትምህርት ቤት ጨለማ ታሪክ) ጨለማ የሚባለው ሻማ ስለበራበት አይደለም።

የስሞች፣ የዓመቶችና የድግምት ሕጎች ዝርዝር በአንድ ደብተር ያዙ። ቅጽ አንድ ላይ ግራ እጁ የተቃጠለ ልጅ ቅጽ ሁለት ላይ በግራው ሲጽፍ አንባቢ አይምራችሁም።

ማለቂያው ላይ ክሊራንሱን ሙሉ በሙሉ አታስጨርሷት። ፊርማው ይገኝ፣ ምዝገባው ይለፍ። ከዚያ ወረቀቱን ስታጥፍ ጀርባው ላይ ፊርማ የሚጠብቅ የሌላ ተማሪ መስመር ትይ፤ ፈራሚው ቦታ ላይ ያለው ስም የራሷ ይሁን።