የወር አበባ ሲዘገይ ወይም ሲቀር፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱና ወደ መፍትሄው

ጅማ ውስጥ በአዋላጅ ነርስነት ስሠራ በየሳምንቱ የምሰማው ቃል "ወሬ አለፈብኝ" የሚለው ነው። የሚያሳዝነኝ ግን መዘግየቱ አይደለም። ብዙዎቹ ሳይመረመሩ ለቀናት እንቅልፍ አጥተው፣ አንዳንዶቹም "አበባ ያመጣል" የተባለ ሥር ጠጥተው መምጣታቸው ነው። እባክሽ እህቴ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ምንም አትጠጪ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

በእርግጥ ዘግይቷል?

የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን ነው። ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን፣ አበባ ካየች ጥቂት ዓመት ለሆናት ልጅ ደግሞ እስከ 45 ቀን ጤናማ ነው። አንዲት ተማሪ ጥቅምት 5፣ ኅዳር 8፣ ታኅሣሥ 11 ብላ ጽፋ "በየወሩ ሦስት ቀን ይዘገይብኛል" ብላ መጣች። ምንም አልዘገየባትም፤ ዑደቷ 33 ቀን ነው፣ ወራችን ግን 30። ጳጉሜንም ታሳስታለች፦ ነሐሴ 12 ያየች የ30 ቀን ዑደት ያላት ሴት ቀጣዩን የምትጠብቀው መስከረም 12 ሳይሆን መስከረም 7 ነው (ጳጉሜ 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት መስከረም 6)።

ዘግይቷል፣ ግንኙነትም ነበር

መጀመሪያ የሚጣራው እርግዝና ነው፤ መከላከያ ብትወስጂም፣ ጡት ብታጠቢም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም። የሽንት መመርመሪያው በየፋርማሲው አለ። በጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ተመርመሪ፤ ውጤቱን ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ አንብቢ። እርግዝና የለም ካለና አበባው ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ድገሚ።

አንዲት የ46 ዓመት እናት ከሂርማታ ገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን በሩ ላይ አስቀምጠው ገቡ። "ልጄ፣ የእኔስ ነጥፏል፤ ወገቤን ብቻ እይልኝ" አሉኝ። መመርመሪያው ላይ ሁለተኛዋ መስመር ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ጥለት ደብዝዛ ወጣች። በሰዓቱ የወጣች መስመር ብትደበዝዝም መስመር ናት፤ እርግዝና አለ ማለት ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

እርግዝና ከሆነ ክትትሉን ከ12 ሳምንት በፊት በጤና ጣቢያ ጀምሪ። ያልፈለግሽው ከሆነም መሄጃሽ ያው ጤና ተቋም ነው፤ ሕጉ ስለሚፈቅዳቸው ሁኔታዎች እዚያ ጠይቂ። በድብቅ የሚሰጥ ነገር ደም እያፈሰሰና እየመረዘ ስንቷን ወጣት ወስዷል።

ዘግይቶ ሳለ ከሆድሽ በታች በአንድ በኩል ከባድ ሕመም፣ ጠብ ጠብ የሚል ደም፣ ማዞር ወይም የትከሻ ሕመም ከመጣ

ከማሕፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላል። እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ባጃጅ አስጠርተሽ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ሲፈነዳ የሚፈሰው ደም በሆድ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ ብዙም አይታይም።

የሦስት ወር መርፌ ላይ ነሽ

"ደሙ ውስጤ ተጠራቀመ" የሚለው ፍርሃት መርፌውን በብዛት የሚያስተወው ነው፤ እውነት ግን አይደለም። መርፌው የማሕፀን ግድግዳ ቀጭን ሆኖ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ያልወፈረ ነገር ደግሞ የሚፈርስ የለውም። በቀጠሮሽ ከተወጋሽ መቅረቱ አይጎዳም። ካቆምሽ በኋላ ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ በአማካይ ከ9 እስከ 10 ወር ይወስዳል። የድንገተኛ መከላከያ ኪኒን የወሰድሽ ከሆነም አበባው ቀኑን ሊያዛባ ይችላል፤ ከሳምንት በላይ ከዘገየ ተመርመሪ።

እርግዝና የለም፣ ግን ከስተሻል ወይም ተጨንቀሻል

በፈተና ሰሞን ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡትን ልጆች "ትናንት ምን በላሽ?" ብዬ ነው የምጀምረው። መልሱ ብዙ ጊዜ ቡናና ዳቦ ነው። ምግብ ሲያንስ፣ ሐሳብ ሲበዛ ወይም ስፖርት ሲከብድ አንጎል እንቁላል እንድትለቀቅ የሚያዘውን መልእክት ይቀንሳል። መድኃኒቱ ወጭት ላይ ነው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ጅማ የሚትረፈረፈው አቮካዶ። ሁዳዴንም ሆነ ረመዳንን ስትጾሚ ማፍጠሪያሽ በቂ ይሁን። ምግብ ስታዪ የሚያስጨንቅሽ ወይም ሆን ብለሽ የምታስመልሺ ከሆነ ግን ለብቻሽ አትታገዪው፤ ለባለሙያ ንገሪ።

ሌላ ምልክት አብሮት አለ

አንገት ላይ እብጠት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ድካምና ድርቀት፣ ወይም በተቃራኒው የልብ ምት መፍጠንና የእጅ መንቀጥቀጥ ካለ የእንቅርት ዕጢን በደም ምርመራ ማየት ያስፈልጋል። አዮዲን ያለው ጨው ለመከላከል ነው፤ ከታመመ በኋላ ግን ሐኪም ይመልከተው።

አገጭ ላይ ጸጉር፣ ብጉርና የክብደት መጨመር ካለ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ይጠረጠራል። እዚህ ላይ ነገሩ የመርፌው ተቃራኒ ነው፤ ግድግዳው እየወፈረ ሳይፈርስ ስለሚቆይ ለዓመታት ችላ ማለት ለማሕፀን ካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል። ክብደት ትንሽ መቀነስና ሐኪም የሚያዘው ሆርሞን ይረዳሉ።

ሳታጠቢ ከጡትሽ ወተት የሚወጣ ከሆነ የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ተናገሪ፤ አንዳንድ የአእምሮ ሕመምና የማስመለስ መድኃኒቶች ይህን ያመጣሉ። በራስሽ ግን አታቋርጪ።

መቼ ልሂድ?

ዑደቷ የተስተካከለ ሴት 3 ወር፣ የተዛባ የነበረ ደግሞ 6 ወር ከቀረባት፤ 15 ዓመት የሞላት ልጅ ጨርሶ ካላየች፤ ከ40 ዓመት በፊት ከቆመ። የቆየ ሳልና የሌሊት ላብ ካለሽ (ቲቢ ሊሆን ይችላል)፣ ወይም ማሕፀንሽ ከተጠረገ ወይም በወሊድ ብዙ ደም ከፈሰሰሽ በኋላ ከቀረ ደግሞ ቶሎ ሂጂ፤ ይህንንም ሳትጠየቂ ተናገሪ። የመጨረሻዎቹ ሦስት አበባዎችሽ የጀመሩባቸውን ቀናት ጽፈሽ፣ የመርፌ ካርድሽንና የመድኃኒት ማሸጊያዎችሽን ይዘሽ ሂጂ። የሰፈር ሰው ያየኛል ብለሽ ከፈራሽ ሌላ ቀበሌ ያለ ጤና ጣቢያ ግቢ፤ ለብቻሽ መናገር እንደምትፈልጊም ካርድ ስታወጪ ንገሪያቸው።